ቧንቧ ሲፈነዳ መጀመሪያ የሚዘጋው የቱ ነው?

ጥያቄ

«ባለፈው ሳምንት ሌሊት መታጠቢያ ቤታችን ውስጥ ከእጅ መታጠቢያው ሥር ያለው ፍሌክሲብል (ውሃ የሚያደርሰው ተጣጣፊ ቱቦ) ፈነዳ። ባለቤቴ ሮጦ ቆጣሪው አጠገብ ያለውን መዝጊያ ሊዘጋ ቢሞክር እጀታው ይዞራል እንጂ ውሃው አይቆምም። በመጨረሻ ጎረቤት መጥቶ ጣሪያ ላይ ያለውን ታንከር ዘጋልን። እስከዚያ ድረስ ግን ውሃው ሳሎን ገብቶ፣ ወለል ላይ የነበረውን የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ አርሶት ነበር። ፍሌክሲብሉ ከተገጠመ ገና አራት ዓመቱ ነው፤ ላዩ ብረት ሆኖ እንዴት ይፈነዳል? በዚያ ላይ ከቦይለራችን ሥር ካለችው ትንሽ ቫልቭ ውሃ ይንጠባጠባል፤ አንድ ሰው በታፖ (በቧንቧ መድፈኛ ክዳን) ድፈኑት ብሎናል። የወጥ ቤቱ ሲንክም ውሃ ቶሎ አይወርድለትም፤ በየሁለት ሳምንቱ ኮስቲክ ሶዳ እንጨምርበታለን። ምን ብናደርግ ይሻላል? ቤት ውስጥስ ምን ምን ይዘን እንቀመጥ?»

የሁለት ልጆች እናት

መልስ

ውድ ጠያቂያችን፣

ከሁሉ በፊት፦ ቦይለሩ ሥር ያለችውን ቫልቭ በምንም ምክንያት አይድፈኗት። ምክንያቱን ዝቅ ብለን እናስረዳለን፤ እስከዚያው ታፖው መሳቢያ ውስጥ ይቆይ።

አሁን ወደዚያ ሌሊት እንሂድ። ቧንቧ ሲፈነዳ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው የፈነዳውን ቦታ በእጁና በፎጣ ማፈን ነው። በ3 ባር ግፊት የሚመጣ ውሃ ከተበጠሰ ግማሽ ኢንች መስመር በደቂቃ 20 ሊትርና ከዚያም በላይ ሊፈስ ይችላል። በግማሽ ሰዓት ከ600 ሊትር በላይ ወለልዎ ላይ ነው ማለት ነው። ፎጣ ይህን አይችለውም። ሥራው መዝጋት ነው፤ ቀጥሎ በመስመሩ ውስጥ የቀረውን ማፍሰስ፤ ቀጥሎ ወለሉን ማድረቅ። ጥገናው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ይመጣል፤ ለነገ ቢያድርም ምንም አይደለም።

መዝጋት የሚጀመረው ከቅርብ ነው። ፍሌክሲብሉ ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ አንግል ቫልቭ የምትባል ትንሽ መዝጊያ መኖር አለባት። ወደ ቀኝ እስክትቆም ድረስ ቢያዞሯት ያ መስመር ብቻ ተዘግቶ የቀረው ቤት ውሃ ያገኝ ነበር። በደብዳቤዎ ስላልጠቀሷት ወይ የለችም፣ ወይ በድንጋጤው ማንም አላሰባትም። ከሌለች በእያንዳንዱ መታጠቢያ፣ በሲንኩና በሽንት ቤቱ ሥር አንዳንድ ያስገጥሙ። በቤት ውስጥ የቧንቧ ሥራ ከሚወጣ ገንዘብ ሁሉ ይህን ያህል የሚያዋጣ እምብዛም የለም።

አንግል ቫልቯ ካልዘጋች ወይም ፍንዳታው ግድግዳ ውስጥ ከሆነ ወደ ዋናው መዝጊያ ይኬዳል። እናንተን ያሳታችሁ እዚህ ላይ ነው። ጣሪያ ላይ ታንከር ያለው ቤት የውሃ ምንጩ ሁለት ነው፤ አንዱ ከመንገድ በቆጣሪው በኩል የሚመጣው፣ ሌላው ከታንከሩ የሚወርደው። ቆጣሪው ጋ ያለው መዝጊያ ደህና ቢሆን ኖሮ እንኳ ታንከሩ እስኪያልቅ ድረስ ውሃው አይቆምም ነበር። የአንድ ሺህ ሊትር ታንከር ደግሞ አንድ ቶን ውሃ ነው። ስለዚህ ቀድሞ የሚዘጋው የታንከሩ መውረጃ ነው፤ ከዚያ የቆጣሪው። ውሃ የሚገፋ ፓምፕ ካለ ከብሬከሩ ይጠፋል፤ አለበለዚያ መስመሩ ላይ ግፊት ሲቀንስ ራሱ ተነሥቶ ይገፋል። ታንከሩ ላይ ለመውጣት መሰላል የሚያስፈልግ ከሆነ፣ ሌሊት በእርጥብ መሰላል ከመውጣት ይልቅ መውረጃው መስመር ላይ፣ ሰው ቆሞ በሚደርስበት ከፍታ አንድ ተጨማሪ ቫልቭ ቢገባ ይሻላል።

መዝጊያው እምቢ ባለበት ሰዓት ደግሞ ሌላ መላ አለ፤ ይህን ብዙ ሰው አያስበውም። ከፈነዳው ቦታ ዝቅ ብሎ ያለውን ቧንቧ ሁሉ፣ በተለይ የግቢውን፣ እስከ መጨረሻው ይክፈቱት። ገላ መታጠቢያውንም ይጨምሩ። ውሃው መውጫ ሲበዛለት ግፊቱ ይወርዳል፤ ወለል ላይ ይፈስ የነበረው አብዛኛው ወደ መውረጃው ይሄዳል። የተቀደደውን ፍሌክሲብል ጫፍ ደግሞ ወደ ወለል መውረጃው ወይም ወደ ባልዲ ያዙሩት። ውሃው ከሙቁ መስመር ከሆነ ግን በእጅ አይነካም።

ዋናው ከተዘጋ በኋላም ቧንቧዎቹ ውስጥ ያለው ውሃ መውረዱን አያቆምም። ቦይለሩን ከኤሌክትሪክ ያጥፉ፣ የመጨረሻውን ዝቅተኛ ቧንቧ ይክፈቱ፣ ከላይ ደግሞ አንድ ከፍ ያለ ቧንቧ ይክፈቱ። የላይኛው አየር ካላስገባ የታችኛው እያነቀው በዝግታ ነው የሚያወርደው።

ውሃና ኤሌክትሪክ

የረጠበው ማከፋፈያ ያስጨነቀን ከፍሌክሲብሉ ይበልጥ ነው። ውሃ ወደ ሶኬት ወይም ወደ ማከፋፈያ ሲጠጋ ወደ ክፍሉ ከመግባት በፊት ዋናው ብሬከር ይውረድ። ብሬከሩ ያለበት ቦታ ራሱ ከረጠበ፣ ወይም እሱ ጋ ለመድረስ ውሃ ውስጥ መቆም ግድ ከሆነ፣ አይነካም፤ ከቤት ወጥቶ ለኤሌክትሪክ አገልግሎቱ መደወል ነው። ያ ማከፋፈያ «ደርቋል» ተብሎ ዳግም እንዳይሰካ። ውስጡ የቀረው ዝገትና ጨው በኋላ ቀን እሳት ያስነሣል፤ ይጣል። ውሃ የገባባቸው የግድግዳ ሶኬቶች በባለሙያ ተከፍተው ሳይታዩ ኃይል አይለቀቅባቸው።

ፎቅ ቤት ውስጥ ከሆነና ከላይ የፈሰሰው ውሃ የጂፕሰም ኮርኒሱን ካንጠለጠለው፣ ከሥሩ አይቆሙ። የዚያን ክፍል ኤሌክትሪክ አጥፍተው፣ ባልዲ አስቀምጠው፣ ጎን ቆመው በረዥም ካቻቪቴ ከሆዱ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ይብሱት። አንድ ቀዳዳ መድፈን ሙሉ ኮርኒስ ወድቆ ሰው ከመጉዳቱ ይሻላል።

ወለሉ፣ ምንጣፉና የቁም ሣጥኑ ሥር በ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ መድረቅ አለባቸው፤ ከዚያ ካለፈ ሻጋታ ይጀምራል። ከሁሉ የሚረሳው ከሲንኩ ሥር ያለው ቁም ሣጥን ጀርባ ነው፤ በሮቹን ከፍተው ቢያንስ ሁለት ቀን ያናፍሱት።

እጀታው ለምን ባዶውን ዞረ?

ክብ እጀታ ያለው መዝጊያ ጌት ቫልቭ ነው። ውስጡ ወደ ታች እየወረደ መንገዱን የሚዘጋ የነሐስ ምላስ አለ፤ ምላሱን የሚያወርደው በጥርስ የተያያዘው ዘንግ ነው። ለዓመታት ሳይነካ ሲቀመጥ ምላሱ መግቢያ ላይ ኖራና ዝገት ይጠራቀማል። አንድ የጭንቅ ቀን በኃይል ሲዞር ጥርሱ ይበላል ወይም ዘንጉ ከምላሱ ይላቀቃል። ከዚያ በኋላ እጀታው ሲዞር ይውላል፤ ምላሱ ግን ካለበት ንቅንቅ አይልም። የእናንተ የደረሰበት ይህ ነው፤ በዘይት አይድንም፣ ይቀየር።

በቦታው ቦል ቫልቭ ያስገቡ። ሩብ ዙር ብቻ ነው የሚዞረው፤ እጀታው በቧንቧው አቅጣጫ ሲሆን ክፍት፣ ሲሻገርበት ዝግ ነው። በጨለማም ቢሆን በእጅ ዳስሰው ያውቁታል፤ ልጆቹም በአንድ ቀን ይለምዱታል። አብሮ ዩኒየን (ተፈትቶ የሚገጠም ማያያዣ) ይግጠም፤ ወደፊት ቫልቩን ለመቀየር ቧንቧ መቁረጥ እንዳያስፈልግ። ከቆጣሪው በፊት ያለው መዝጊያ የውሃ አገልግሎቱ ነው፤ እሱን አይንኩ፣ የእናንተው ከቆጣሪው በኋላ ይሁን።

መጠኑን ሲያስገዙ ግማሽ ኢንች የሚባለው የጋልቫናይዝድ ቧንቧ በውጭ ሲለካ 21 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ሦስት አራተኛ ኢንች የሚባለው ደግሞ 27 ሚሊ ሜትር ገደማ መሆኑን ያስታውሱ። የውጩን በሜትር ለክቶ «ይሄ እኮ አንድ ኢንች ሊሞላ ምንም አልቀረው» ብሎ ትልቁን ገዝቶ የሚመለስ ሰው ብዙ ነው።

የቀሩት ጌት ቫልቮች ገና ካልተበላሹ በዓመት ሁለት ጊዜ እስከ መጨረሻው ይዝጓቸውና መልሰው ይክፈቷቸው። ሙሉ በሙሉ ከከፈቱ በኋላ ሩብ ዙር ወደ ኋላ ይመልሱ፤ እንዲያ ሲሆን ጥርሱ ተጨናንቆ አይደርቅም። ጠንክሮ የያዘውን በዘንጉ ላይ ዝገት ፈቺ ዘይት ጠብ አድርገው፣ ጥቂት ወደዚህ ጥቂት ወደዚያ እያሉ ያለማምዱት፤ በትልቅ የቧንቧ ቁልፍ አስገድዶ ማዞር ዘንጉን ይቆርጠዋል። ካንቀሳቀሱት በኋላ ከዘንጉ ሥር ውሃ ቢያልብ፣ እጀታው ሥር ያለችውን ዳዶ የዙር አንድ ስምንተኛ ያህል ብቻ ማጥበቅ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ቦል ቫልቭም ቢሆን ይህ ልምምድ አይቅርበት፤ ለዓመታት ካልዞረ እሱም ይይዛል።

ፍሌክሲብሉ

«ላዩ ብረት ሆኖ» ላሉት፦ ያ የተጎነጎነ ሽቦ ውሃ አይዝም። ውሃውን የሚይዘው ውስጡ ያለው የጎማ ቱቦ ነው፤ ሽቦው ሥራው ጎማው በግፊት እንዳይነፋ አቅፎ መያዝ ነው። ሽቦው አንድ ቦታ ላይ ሲበጠስ ጎማው በዚያች ክፍተት ይነፋና ይፈነዳል። ይህም ብዙ ጊዜ የሚሆነው ጫፉን በጨበጠው የብረት ቀለበት አካባቢ ነው።

በአራት ዓመት ውስጥ ሽቦውን የሚበላው ምንድን ነው? መጀመሪያ ከመታጠቢያው ሥር የምታስቀምጡትን ይመልከቱ። በረኪና እና ክሎሪን ያለባቸው ማጽጃዎች በተዘጋ ቁም ሣጥን ውስጥ የሚለቁት ጭስ የማይዝግ የተባለውን ብረት ሳይቀር ያዝጋል። ሁለተኛው ምክንያት የአገጣጠም ነው፤ ከዳዶው ወዲያው ተጠምዝዞ ወይም ታጥፎ የተገጠመ ፍሌክሲብል ቀንና ሌሊት አንድ ቦታ ላይ ይጨነቃል። ሦስተኛው ግፊት ነው። የቤት መስመር ከ2 እስከ 4 ባር ቢሆን ደህና ነው፤ ሌሊት ሰው ውሃ በማይጠቀምበት ሰዓት ከ5 ባር በላይ የሚወጣ ከሆነ የግፊት መቀነሻ ማስገባት ያስፈልጋል። ፍንዳታው ሌሊት መሆኑ ይህን እንድንጠረጥር ያደርገናል። ቧንቧ ላይ የሚገጠም የግፊት መለኪያ ገዝታችሁ አንድ ሌሊት አሳድራችሁ እዩት።

የፈነዳውን ብቻ ቀይረው አይተዉ። በዚያው ጊዜ የተገጠሙት ሁሉ ዕድሜያቸው አንድ ነው። ቡናማ ነጥብ ያለበት፣ አንዲት ሽቦ እንኳ ብቅ ያለችበት፣ ያበጠ ወይም ዳዶው ላይ ነጭና አረንጓዴ ብናኝ የያዘ ካለ ዛሬውኑ ይቀየር። ምንም የማይታይበትም ቢሆን በየ5 ዓመቱ መቀየር ከባድ ወጪ አይደለም። የገጠሙበትን ቀን በማይጠፋ ቀለም ወረቀት ላይ ጽፈው ቱቦው ላይ ይለጥፉበት።

መቀየሩን ራስዎ ሊሠሩት ይችላሉ። አንግል ቫልቯን ዘግተው ከላይ ያለውን ቧንቧ ከፍተው ግፊቱን ያውጡ፤ ባልዲ ከሥር። የግድግዳውን ዳዶ ሲፈቱ በሁለት ቁልፍ ይሁን፤ አንዱ አንግል ቫልቯን ይዞ፣ ሌላው ዳዶውን እያዞረ። በአንድ ቁልፍ ብቻ የሚፈታ ሰው ግድግዳ ውስጥ ያለውን መገጣጠሚያ አብሮ ያዞረዋል፤ ከዚያ የሚመጣው ግድግዳ ማፍረስ ነው። አዲሱ ከዳዶው ወጥቶ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ቀጥ ብሎ ከሄደ በኋላ ሰፋ አድርጎ የሚታጠፍ ርዝመት ይኑረው፤ የሚወጠር አጭርም፣ ተጠቅልሎ የሚታጠፍ ረዥምም አይግዙ። ዳዶው ውስጥ የጎማ ቀለበት መኖሩን ይዩ። ማኅተሙ እሱ ስለሆነ እዚያ ቴፍሎን አይጠቀለልም። በእጅ እስኪቆም ካጠበቁ በኋላ በቁልፍ ሩብ ዙር ብቻ ይጨምሩ። ወደ ሚክሰሩ የሚገባው ቀጭኑ ጫፍ ደግሞ በእጅ ብቻ ነው የሚጠብቀው፤ ቁልፍ ካረፈበት የጎማ ቀለበቷ ትቆረጣለች። ከዚያ ቫልቯን ቀስ ብለው ይክፈቱ፤ ከአሥር ደቂቃ በኋላ መገጣጠሚያውን በደረቅ ሶፍት ይጥረጉት። ዓይን የማያየውን እርጥበት ሶፍቱ ያሳያል። በማግስቱም ይድገሙት።

ቧንቧው ራሱ ቢበሳ

ይህ ገና አልገጠማችሁም፤ ግን ከጠየቃችሁት ጋር ስለሚሄድ እናንሣው። በብረት ቧንቧ ላይ የመርፌ ቀዳዳ ያህል ሲከፈት ብዙ ሰው ቴፍሎን ይጠቀልልበታል። ቴፍሎን አይጣበቅም፤ ሥራው በጥርስ መካከል ያለውን ክፍተት መሙላት ነው። ቀዳዳ ላይ ስንት ጥቅል ቢጨርሱበት ውሃው ከሥሩ ይሾልካል።

ለጊዜው የሚይዘው ጎማና ፋሼታ (ቱቦ የሚያጠብቅ የብረት ቀለበት) ነው። መስመሩን ዘግተው ቧንቧውን ያድርቁ፤ ሹል ዝገት ካለው በአሸዋ ወረቀት ያለስልሱ። ከመኪና ወይም ከብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ ላይ ቀዳዳውን በሁለቱም በኩል ቢያንስ 3 ሴንቲ ሜትር የሚያልፍ ቁራጭ ቆርጠው ሁለት ዙር ይጠቅልሉ። በቪቴ የሚጠብቅ ፋሼታ አንዱን ቀዳዳው ላይ፣ ሁለቱን ግራና ቀኝ አድርገው በየተራ ጥቂት ጥቂት ያጥብቁ። ውሃውን ሲለቁ በግማሽ ይልቀቁ። ይህ ለቀናት ነው እንጂ ለወራት አይደለም። የብረት ቧንቧ በአንድ ቦታ የሚበሳው ውስጡ ርዝመቱን ሙሉ ስለሳሳ ነው፤ ሁለተኛው ቀዳዳ ሩቅ አይሆንም።

ፒፒአር በሚባለው የፕላስቲክ ቧንቧ ላይ ሙጫ አይይዝም፤ የሚጋጠመው በ260 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚሞቅ ብረት ነው። ለ20 ሚሊ ሜትሩ ቧንቧ የማሞቂያው ጊዜ 5 ሰከንድ ገደማ ነው። ሠራተኛው ሲመጣ አንድ ነገር ይመልከቱ፦ ከቧንቧው ውሃ ጠብ እያለ ሊያጋጥም ከጀመረ ያስቁሙት። እንፋሎቱ ማጋጠሚያው ውስጥ አረፋ ይፈጥራል፤ ያ ቦታ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተመልሶ ያልባል።

የተደበቀ ፍሳሽን ለማግኘት ደግሞ ከቆጣሪው የተሻለ መሣሪያ የለም። የታንከሩን መግቢያም ጨምሮ ሁሉን ዘግተው የቆጣሪውን ቁጥር እስከ ቀዩ አኃዝ ይጻፉ፤ ለሁለት ሰዓት ማንም ውሃ አይንካ። ቁጥሩ ከተንቀሳቀሰ አንድ ቦታ እየፈሰሰ ነው። ሽንት ቤቱን ለይተው ለመፈተሽ የፍላሹ ታንክ ውስጥ የምግብ ቀለም ጠብ ያድርጉ፤ ሳይለቁ 20 ደቂቃ ቆይተው ቀለሙ ሳህኑ ውስጥ ከታየ ሥሩ ያለው ጎማ አይገጥምም።

የቦይለሩ ቫልቭ

ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል። 80 ሊትር ውሃ ከ15 ወደ 65 ዲግሪ ሲሞቅ አንድ ሊትር ተኩል ያህል ይጨምራል። ያ ትርፍ ውሃ የሚወጣበት ቦታ ያስፈልገዋል፤ መውጫው ያቺ የሴፍቲ ቫልቭ ናት። በብዙ የቤት ቦይለሮች ላይ ግፊቱ ወደ 8 ባር ሲጠጋ ትከፈታለች። ስለዚህ ቦይለሩ በሚሞቅበት ሰዓት ጠብ ጠብ ማለቷ ብልሽት አይደለም፤ ሥራዋን እየሠራች ነው። ከደፈኗትና አንድ ቀን ቴርሞስታቱ (ውሃው ሲሞቅ ኃይሉን የሚቆርጠው መሣሪያ) ካልቆረጠ፣ ውሃው ከመፍላት አልፎ ይሞቃል፣ ግፊቱም መውጫ ያጣል። ታንኩ ሲቀደድ ያ ውሃ በቅጽበት እንፋሎት ይሆናል፤ ቦይለር ግድግዳ አፍርሶ የሚወጣው እንዲህ ነው።

ማድረግ የሚገባው ከመውጫዋ ቀጭን ላስቲክ አስገብቶ ወደ መውረጃ መምራት ነው። ላስቲኩ ወደ ታች ብቻ ይሂድ፤ ጫፉም ውሃ ውስጥ ሳይነከር ለአየር ክፍት ይሁን። ቦይለሩ ጠፍቶ ቀዝቅዞም መንጠባጠቧን ካላቆመች ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ወይ የመስመሩ ግፊት ከፍ ብሏል (ቅድም ያልነው የሌሊት ግፊት እዚህም ይመጣል)፣ ወይ መቀመጫዋ ላይ አሸዋ ወይም ኖራ ገብቷል። ማንሻዋን ለጥቂት ሰከንድ አንሥተው ውሃ ቢያሳልፉባት ብዙ ጊዜ ትጠራለች፤ ውሃው ሊያቃጥል ስለሚችል እጅና ፊት ከመውጫው ይራቁ። ካልሆነ ቫልቯ ትቀየር።

ከመውጫዋ የሚፈላ ውሃ ወይም እንፋሎት መውጣት ከጀመረ ብሬከሩን አውርደው ልጆቹን ከክፍሉ ያስወጡ። የሙቅ ውሃ ቧንቧም አይክፈቱ፤ ራሱ እስኪበርድ ይጠብቁ። ቴርሞስታቱ ሳይቀየር ዳግም አይበራም። ውሃ ተቋርጦ ሲመለስም ቦይለሩን ከማብራት በፊት የሙቁን ቧንቧ ከፍተው አየር መትፋቱን ትቶ በሙሉ ጉልበት እስኪፈስ ይቆዩ፤ ባዶ ታንክ ውስጥ የበራ ማሞቂያ ወዲያው ይቃጠላል።

ምን ይዛችሁ ትቀመጡ

የመሣሪያ ሣጥን ሙሉ አያስፈልግም። ሁለት የሚስፋፉ ቁልፎች (አንድ ለብቻው ምን እንደሚያደርግ ከላይ አይታችኋል)፣ ሁለት ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ሁለት ሦስት ጥቅል ቴፍሎን፣ ግማሽ ኢንች ታፖ ከውጭም ከውስጥም ጥርስ ያለው አንዳንድ፣ አንድ ትርፍ ፍሌክሲብል፣ የተለያዩ የጎማ ቀለበቶች፣ ለቧንቧዎ መጠን የሚሆኑ አራት ፋሼታዎች፣ የላስቲክ ቁራጭ፣ የእጅ ባትሪ፣ የላስቲክ ጓንትና እጀታ ያለው የላስቲክ መግፊያ። ታፖው ለቦይለሩ ሳይሆን ለዚህ ነው፦ አንግል ቫልቭ ቢሰበር መስመሩን ዘግተው አውልቀው ግድግዳው ላይ ታፖ ቢያስገቡበት የቀረው ቤት ውሃ ያገኛል። በየመዝጊያው ላይ ምን እንደሚዘጋ ጽፈው ያንጠልጥሉ፤ «ታንከር»፣ «ቆጣሪ»፣ «ላይኛው መታጠቢያ» ይበቃል።

የወጥ ቤቱ ሲንክ

ኮስቲክ ሶዳውን ያቁሙ። ከቅባት ጋር ሲገናኝ ቅባቱን ወደ ሳሙና ይለውጠዋል። በቂ ሙቅ ውሃ ካልተከተለው ያ ሳሙና ጥቂት ሜትር ሄዶ ቧንቧው ውስጥ ይደርቃል፤ ከመጀመሪያው ቅባት ይልቅ የሚያስቸግረው ይኸኛው ነው። ሶዳው ሲሟሟ የሚፈጥረው ሙቀት የፕላስቲክ ሲፎንን (ከሲንኩ ሥር ያለውን ጥምዝ ቧንቧ) ያለሰልሳል። አሲድ ያለበት ማጽጃ ከተከተለው እየፈላ ይረጫል፤ አሲድ ከበረኪና ጋር ከተገናኘ ደግሞ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። አሁን ሲንኩ ውስጥ ሶዳ ያለበት ውሃ ቆሞ ከሆነ በመግፊያ አይምቱት፤ ወደ ዓይን ይረጫል። ሠራተኛ ከጠሩም ሲፎኑን ከመንካቱ በፊት ይንገሩት።

ሶዳው ታጥቦ ከሄደ በኋላ በመግፊያው ይጀምሩ። የላስቲኩ አፍ እንዲሸፈን ሲንኩ ውስጥ ውሃ ይሙሉ፤ ሲንኩ ሁለት ጎድጓዳ ከሆነ የሌላውን መውረጃ፣ እንዲሁም የትርፍ ውሃ መውጫዋን ቀዳዳ በእርጥብ ጨርቅ ይድፈኑ። ይህ ከቀረ የሚገፉት አየር በዚያ ይወጣል። ከ10 እስከ 15 ጊዜ ይግፉና ይሳቡ፤ የተጣበቀውን የሚነቅለው ብዙውን ጊዜ መሳቡ ነው። ካልሆነ ባልዲ ከሥር አድርገው ሲፎኑን በእጅ ፈትተው ይጠቡ። ቀለበቶቹ በየትኛው በኩል እንደነበሩ ከመፍታትዎ በፊት በስልክዎ ፎቶ ያንሡ። ሲመልሱ በእጅ ብቻ ያጥብቁ።

ሲፎኑ ንጹሕ ሆኖም ውሃው ከዘገየ መዘጋቱ ግድግዳ ውስጥ ነው። እዚያ የሚገባው ከ3 እስከ 5 ሜትር ርዝመት ያለው የሽቦ ሞላ ነው። በጉልበት አይገፋም፤ እያዞሩ ጥቂት ጥቂት ማስገባት፣ ሲይዝ ማዞር፣ ከዚያ መሳብ። በየሁለት ሳምንቱ የሚመለስ መዘጋት ግን ሌላ ነገር ይጠቁማል። መውረጃው በየሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅታ ያስፈልገዋል፤ መካከሉ ላይ የረገበ ከሆነ ውሃ እዚያ ይቆማል፣ ቅባቱም እዚያው ይደርቃል። ለዚህ ሶዳም ሞላም መፍትሔ አይሆንም፤ ቧንቧው ተነሥቶ በትክክለኛ ዝቅታ መታሰር አለበት። እስከዚያው በሳምንት አንድ ጊዜ ሲንኩን በሙቅ፣ ግን ባልፈላ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ሞልተው በአንድ ጊዜ ይልቀቁት፤ ቧንቧውን ሞልቶ የሚወርድ ውሃ በቀጭኑ ከሚፈሰው ይልቅ ይጠርጋል። የመጥበሻ ዘይት በወረቀት ተጠርጎ ቆሻሻ ውስጥ ይጣል።

ሲንኩን ሲለቁ ገላ መታጠቢያው ቢንተከተክ ወይም ሽንት ቤቱ ላይ ውሃው ቢነሣ፣ ችግሩ ከሲንኩ አልፎ ዋናው መስመር ላይ ደርሷል። በቤት ውስጥ ውሃ መጠቀም ሁሉ ይቁም፤ ልብስ ማጠቢያ ማሽኑም ጭምር። የውጩን ፖዜቶ (የፍሳሽ መስመሩን መፈተሻ ጉድጓድ) ክዳን ከፍተው ይመልከቱ፦ ሞልቶ ከሆነ መዘጋቱ ከእሱ ወዲያ፣ ባዶ ከሆነ ከእሱ ወዲህ፣ በቤቱና በፖዜቶው መካከል ነው። ይህን አንድ ነገር በስልክ መናገር ብቻ ሠራተኛው ምን መሣሪያ ይዞ እንደሚመጣ ይወስንለታል። የሴፕቲክ ታንኩ ክዳን ግን ለባለሙያ ይተው። የሚወጣው ጋዝ ሰውን ሳያስጠነቅቅ ይጥላል፤ የወደቀ ዕቃ ለማንሣትም ቢሆን ማንም ወደ ውስጥ ጎንበስ አይበል። ሥራው አልቆ ክዳኑ ሲመለስ በእግር ተረግጦ የማይናወጥ መሆኑን ራስዎ ያረጋግጡ፤ ልጆቹ ግቢ ውስጥ ስለሚጫወቱ።